የወንድም መቅኔ

የደም ካንሰር ታክሞ ሲያገረሽ ኬሞቴራፒ ብቻውን አቅም ሊያንሰው ይችላል። ያኔ ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ግንደ ሕዋስ የሚለግስ ሰው ያስፈልጋል፤ በተለይ ወንድም ወይም እህት።

ከለጋሹ የተወሰዱት ደም ሠሪ ግንደ ሕዋሳት አልጋው አጠገብ በከረጢት ተሰቅለው በቱቦ ጠብ ጠብ እያሉ ወደ ታማሚው ደም ይገባሉ። ቢላዋ አይነካውም። ወደ አጥንቱ የሚወስደውን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም አዲስ ደም መሥራት ይጀምራሉ። የለጋሹ የደም ዓይነት የተለየ ከሆነ የተቀባዩም ውሎ አድሮ ይለወጣል! ይበልጥ የሚደንቀው ግን አዲሶቹ ነጭ የደም ሕዋሳት የተረፈውን ካንሰር አሳድደው መግደላቸው ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የሙኒኩ ሐኪም ሀንስ ዮኸም ኮልብና ባልደረቦቻቸው፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ ላገረሸባቸው 3 ታማሚዎች የለጋሾቻቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ከተባለ መድኃኒት ጋር ሰጥተው በሽታው ከደማቸው እንደጠፋ አሳተሙ።

አደጋ አለው። የለጋሹ ሕዋሳት ጤነኛውን አካልም ሊያጠቁ ይችላሉ።

የአንድ እናትና አባት ልጆች በሕብረ ሕዋስ ዓይነት እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። በከሚሴ፣ በባቲ ወይም በሰንበቴ ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ለንቅለ ተከላ ህንድ ድረስ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ወጪው ከባድ ነው።

አዲሱ መቅኔ እስኪሠራ ታማሚው የሚኖረው በሌሎች ሰዎች ደም ነው። የከሚሴ ጤነኛ ወጣት ሆይ፣ በየ3 ወሩ ደም መለገስ ትችላለህና ክንድህን ዘርጋ።