የሮዛሊ ጆሮ

የዲትሮይትን ወንዝ ተሻግራ በምትገኘው የካናዳዋ ዊንዘር ሲኬኤልደብልዩ የሚባል ሬዲዮ ጣቢያ አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካዋን የዲትሮይትን አድማጭ ጠቅልሎ ወስዶት ነበር። በመካከለኛ ሞገድ 800 ኪሎ ኸርዝ፣ በ50,000 ዋት ይሰራጫል፤ ማታ ማታ ብዙ ግዛቶችን አቋርጦ ይሰማል። ጉልበቱ የማሽን ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ የሰዎቹ ሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ጣቢያው የሬዲዮ ፕሮግራም ቀማሪውን የቢል ድሬክን አሠራር ያዘ። ከዚያ ዘመን የተረፉትን የስርጭት ቅጂዎች ስሰማ፣ ክሩ የተቀጠለበት የማይታወቅ የጎበዝ ሸማኔ ሥራ ይመስሉኛል። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪተካ ትንፋሽ የምታህል ባዶ ቦታ የለም። በመሃል የጣቢያው ስም ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ፣ በጥቂት ሰከንድ ይዜማል። አቅራቢው በሙዚቃው መግቢያ ላይ ይናገራል፤ ዘፋኙ አፉን ሊከፍት ሲል የመጨረሻዋን ቃል ጨርሶ ዝም ይላል። ቢዘገይ የዘፋኙን ቃል ይረግጣል፤ ቢቸኩል መግቢያው ይቀዘቅዛል። ይህን በቀጥታ ስርጭት፣ ሰዓት ሙሉ ሳይስቱ መሥራት ትልቅ ሙያ ነው።

ፈትሉን የምትመርጠው ግን ሮዛሊ ትሮምብሊ ነበረች። ሦስት ልጆች ለብቻዋ ያሳደገች እናት ናት። ጣቢያው የገባችው ስልክ ተቀባይ ሆና ነው፤ ከዚያ ወደ ሸክላ ክፍሉ ተዛወረች፤ በ1968 የሙዚቃ ኃላፊ ሆነች። የሸክላ አሳታሚ ወኪሎች ደጅ ይጠኗት ነበር። እሷ ግን ሸክላ ቤት እየደወለች የተሸጠውን ትጠይቃለች፣ አድማጭ በስልክ የጠየቀውን ታያለች፣ የቀረውን ለጆሮዋ ትተዋለች።

የኤልተን ጆን «ቤኒ ኤንድ ዘ ጄትስ» በአንድ አልበሙ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች አንዱ ብቻ ነበር። በአሜሪካ በነጠላ ሸክላ ሊወጣ የታሰበው «ካንድል ኢን ዘ ዊንድ» ነው። ሮዛሊ የዲትሮይት ጥቁር አድማጮች «ቤኒ»ን እንደወደዱት አስተዋለችና አየር ላይ አዋለችው። ኤልተን ጆን ራሱ አላመነበትም ነበር። በሚያዝያ 1974 ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ፤ በሶል ሙዚቃ ሰንጠረዥም ገባ። የራሱ የዘፋኙ ጆሮ ያልያዘውን የሷ ጆሮ ያዘው።

የጣቢያው የበላይነት ግን አልዘለቀም። ከ1971 ጀምሮ የካናዳ ሕግ በሬዲዮ ከሚጫወተው 30 በመቶው የካናዳ ሙዚቃ እንዲሆን አዘዘ፤ ቆየት ብሎም ኤፍ ኤም በጠራ ድምፁ አድማጩን ወሰደ።

የዲትሮይቱ ዘፋኝ ቦብ ሲገር በ1973 በሮዛሊ ስም ዘፈን አወጣላት። እሷ ግን በጣቢያዋ እንዲጫወት አልፈቀደችም። ከመረጠቻቸው ዘፈኖች ሁሉ ይህ ያልመረጠችው ይበልጥብኛል።

በ2021 በ82 ዓመቷ አረፈች። ሐውልቷ በዊንዘር፣ ወንዙ ዳር ቆሟል።