ሁለት መጋቢት 22፦ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ከጎብዬ ማንበብ

«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የአሸናፊ መጽሐፍ ነው እየተባለ ይተቻል። ትችቱ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ቅጽ በ1929 ዓ.ም. ሲያዘጋጁ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ የተጠጉ ስደተኛ ነበሩ፤ ሠራዊታቸው ተበትኗል፣ አዲስ አበባም በፋሺስት እጅ ናት። መጽሐፉ በአማርኛ ታትሞ ለአገሩ አንባቢ የደረሰው ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ነው፤ በቀጣዩ ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ የሚተርከውን ይህን መጽሐፍ ዙፋኑን የተነጠቀ ሰው ጻፈው፤ ዙፋኑን ዳግመኛ ሊነጠቅ ጥቂት ሲቀረው አሳተመው። ስለዚህ ለመጽሐፉ የሚገባው ጥያቄ «እንዴት ነገሡ?» የሚለው ብቻ አይመስለኝም። የያዙትን ምን አጸናላቸው፣ ምንስ አላጸናላቸውም?

ይህን ለመጠየቅ ጎብዬ ጥሩ ቦታ ናት። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ አላውሃን ከተሻገሩ በኋላ የምትገኝ፣ ከበስተ ኋላዋ የጁን ከፊቷ ራያን ይዛ የተቀመጠች የማሽላ አገር ናት። (አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዝርያ በስሟ ይጠራል፤ ከነገሥታቱ ይልቅ የግብርና ተመራማሪዎች አስታውሰዋታል ማለት ነው።) አካባቢው ግን ለነገሥታት ታሪክ እንግዳ አይደለም። የየጁ ወረሴኮች ጎንደር ላይ ንጉሥ እያነሡ ንጉሥ ሲጥሉ ሰባ ዓመት ያህል ኖረዋል፤ ራስ ጉግሳ ወሌም ከዚያው ግንድ የወጡ ናቸው።

የነገሠ ሰው ታሪኩን ከዘር ሐረግ መጀመሩ የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም። በ1485 እ.ኤ.አ. ቦዝወርዝ ላይ ሪቻርድ 3ኛን አሸንፎ የነገሠው የእንግሊዙ ሄንሪ 7ኛ የንጉሥነት ሐረጉ በእናቱ በኩል የሚመዘዝ፣ ቀጭን ነበር። ስለዚህ ዘመነ መንግሥቱን ከውጊያው በፊት ከነበረው ቀን አስቆጠረ፤ ለዘውዱ ባለቤት የተዋጉት ሁሉ በአንድ ብዕር ከሐዲ ሆኑ። ከተቀናቃኙ ቤትም የዮርኳን ኤልሳቤጥን አገባ፤ ፖሊዶር ቨርጂል የሚባል ጣሊያናዊ ሊቅም የእንግሊዝን ታሪክ እንዲጽፍ አደረገ። የተፈሪ መኰንን፣ የኋላው ኃይለ ሥላሴ፣ ሐረግም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚደርሰው በሴት አያታቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው። በ1903 ዓ.ም. ያገቧቸው ወይዘሮ መነን የልጅ ኢያሱ የእኅት ልጅ፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሰገሌ ላይ ድል የሆኑትም እኒሁ ንጉሥ ሚካኤል ነበሩ። ጋብቻው የፖለቲካም ጉዳይ እንደነበር አንባቢው በራሱ ካልደረሰበት መጽሐፉ አይነግረውም። ሄንሪ ጸሐፊ ቀጠረ፤ የእኛው ንጉሠ ነገሥት ብዕሩን ራሳቸው ያዙ። ለዚህም ይመስለኛል ትረካው ከቨርጂል ይልቅ ብልህ የሆነው፦ አይፎክርም፣ አይሳደብም፣ ዝም ብሎ ያልፋል።

ይህ ቁጥብነት የመጽሐፉ ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ሀብቱ ነው። በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀናት ልዩነት ሲያርፉ አልጋ ወራሹ ተፈሪ የፊታውራሪውን ጦር ወደ እጃቸው አስገቡ። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ሲመጡ፣ እሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ ንፋስ ስልክ የሰፈረው ጦራቸው በገንዘብና በማባበል ተበተነባቸው። ጥይት ሳይተኮስ የተገኘ ድል ነው፤ ከመስከረም 1921 ዓ.ም. የንጉሥነት ዘውድ የደረሱትም በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። እንግሊዛውያን ሄንሪ 7ኛ መኳንንቱን በዕዳ ውል አስሮ መግዛቱን ከመዝገብ አውጥተው ዛሬም ይከራከሩበታል። የእኛ አንባቢ የሚገጥመው የፈቃደ እግዚአብሔርና የትዕግሥት ቋንቋ ነው፤ ብልሃቱን ከመስመሮቹ መካከል መልቀም የራሱ ፋንታ ነው።

ወደ ሰሜን ሲመጣ ግን ብልሃቱም ቋንቋውም ያጥራቸዋል። የራያና አዘቦ ሕዝብ በ1921 ዓ.ም. ገደማ አመፀ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ ከሸፈቱት ጋር ተላልከዋል ተባሉ፤ ነገሩ ከሮ ወደ ጦርነት ደረሰ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ገጠሟቸው። ከውጊያው በፊት ከፈረንሳይ የተገዛ አውሮፕላን በጉግሳ ሠራዊት ላይ ወረቀት በተነ፤ ወረቀቱ ከጉግሳ ጋር የሚቆመውን የሚያወግዝ የጳጳሳት ቃል ነበር። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ጉግሳ ሞቱ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ጫኑ።

ውግዘትን ከሰማይ ማዝነብ! ሄንሪ 8ኛ ቤተ ክርስቲያንን ከነገዳማቷ ርስት ጠቅልሎ ሲወስድ እንኳ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረውም። የመጽሐፉ ጉድለት የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። ጉግሳ ስም፣ ማዕረግና ቅሬታ ያላቸው ባላጋራ ሆነው ሲታዩ፣ የአመፁ ባለቤት የሆነው የራያ ሰው ግን ፊት የለውም። ለምን አመፀ? ግብሩ ነው? የአገረ ገዥው አገዛዝ ነው? ወደ አፋር ሜዳ የሚደረገው የቆየ ወረራና መልስ ወረራ ነው? በአላውሃና በዞብል መካከል የሚኖር ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው በግብር ሰብሳቢና በዘማች በኩል ብቻ ከሆነ፣ ሥልጣን ተያዘ እንጂ ጸና ማለት ይቻላል?

መልሱ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻውን ውጊያ ገጠሙ። ከውጊያው በፊት የራያና አዘቦ ባላባቶችን ጠርተው ብርና ልብስ አከፋፍለው ነበር፤ ኢጣሊያም አስቀድማ ጠመንጃና ገንዘብ ስታድል ከርማለች። የባልቻን ጦር የበተነው ብልሃት እዚህ አልሠራም። ከአሸንጌ ወዲያና ወዲህ በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ አውሮፕላኑ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ የአካባቢው ታጣቂ ከየሸንተረሩ ተኮሰበት። የአንቺሙ ድል አድራጊ ሙሉጌታ፣ በኋላ ራስ፣ ከወር በፊት ከአምባ አራዶም ሲመለሱ በዚሁ አገር ተገድለዋል፤ ልጃቸውም እንዲሁ። በ1922 ዓ.ም. ሰማዩ የእሳቸው ነበር።

የመጽሐፉ ማብራሪያ የጠላት ገንዘብ ነው። እውነትነት አለው፤ ግን አይበቃም። ለጋብቻው ምን ሊባል ነው? ልጃቸውን ልዕልት ዘነበወርቅን ለትግራዩ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ድረውለት ነበር፤ እሱ ደግሞ ወረራው እንደ ጀመረ ለኢጣሊያ አደረ። ሄንሪ 7ኛም ልጁን ማርጋሬትን ለስኮትላንዱ ንጉሥ ድሮ፣ አማቹ ኋላ ፍሎደን ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ሞቷል። ሁለቱም ቤቶች መኳንንትን ማሰር ያውቁ ነበር። የራያ ቆላ ግን የሚዳርበት አንድ ቤት፣ የሚበተን አንድ ጦር አልነበረውም።

ይህን ስል የእኛን ወገን አያቶች ጀግና ማድረጌ አይደለም። ጋዝ ያቃጠለውን፣ የተራበውን ገበሬ ወታደር ከኋላው መግደል ምንም ዓይነት ግብር አያጸድቀውም፤ የራያ ሰው ሁሉም አልተኮሰም። አሁን አሁን በአካባቢያችን ስለ እነዚያ ወራት ሲወራ «ባንዳ» እና «ነፃነት ታጋይ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ሌላ አይሰማም፤ ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከጻፉት አይሻሉም።

ማይጨውን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ላሊበላ የተደረገውን ጉዞና የጄኔቫውን ንግግር የያዙት የመጨረሻ ምዕራፎች ግን በአማርኛ ከተጻፉት የሽንፈት ትረካዎች መካከል ከቀዳሚዎቹ ናቸው። በሰነድና በደብዳቤ የታጨቁት የዲፕሎማሲ ገጾች ያደክማሉ፤ አንባቢ ቢዘላቸው አልፈርድበትም። የኤድዋርድ ኡለንዶርፍ የ1976 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ ትርጉም ከነግርጌ ማስታወሻው ለተመራማሪ ይመቻል፤ የቁጥብነቱ ጣዕም ግን ያለው በአማርኛው ነው።

አዲስ እትም የሚያዘጋጅ አሳታሚ ቢገኝ ከአንቺም እስከ ማይጨው፣ ከአላውሃ እስከ አሸንጌ የሚያሳይ አንድ ካርታ፣ ከዚያም ስለ ራያ አመፅ ጥቂት ገጽ ማብራሪያ ሊያስገባ ይገባል። ማብራሪያው በ1922 ዓ.ም. መቆም የለበትም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የወያኔ አመፅ ሲነሣ ራያና አዘቦ ዳግመኛ ከአመፁ ጋር ተሰልፏል፤ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበዋል፤ አመፁ ሲበርድም የራያና አዘቦ መሬት ተወርሷል።