ከሰሉ ከወጣ በኋላ፤ የጾልፌራይን ማዕድን ቅርጽና ይዘት

አንድ የኢንዱስትሪ ተቋም ሥራውን ሲያቆም ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል። አንደኛው ዝገት ነው። ሁለተኛው ከዝገትም የረቀቀ ነው፤ ሕንፃው ታጥቦና ተወልውሎ፣ መብራት በርቶለት ለተመልካች ሲቀርብ፣ በውስጡ የፈሰሰው ላብ ከነታሪኩ ሊዘነጋ ይችላል። ስለሆነም የአንድ አሮጌ ፋብሪካ እድሳት በኪነ ሕንፃ ውበቱ ብቻ የሚመዘን አይደለም። ሥራውን ያስታውሳል ወይስ ይሸፍናል? ተብሎም መጠየቅ ይኖርበታል።

በጀርመን አገር፣ በሩር ክልል፣ በኤሰን ከተማ የሚገኘው የጾልፌራይን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ መፈተኛ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ማዕድኑ ስሙን የወረሰው በ1834 ከተመሠረተው የጀርመን መንግሥታት የጉምሩክ ኅብረት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ መቆፈር የጀመረው በ1847 ነው። ዝናን ያተረፈለት ግን በ1932 ሥራ የጀመረው 12ኛው ጉድጓድ ነው። ፍሪትስ ሹፕና ማርቲን ክሬመር የተባሉት አርክቴክቶች በብረት አጥንትና በቀይ ሸክላ ጡብ ያነጿቸው ሕንፃዎች፣ በቀን 12,000 ቶን ከሰል ወደ ምድር ገጽ እንዲያወጡ የታቀዱ ነበሩ። ጉድጓዱ በታኅሣሥ ወር 1986 ተዘጋ። ሊፈርስ የነበረውን ሥፍራ የኖርድራይን ዌስትፋለን ክፍለ ግዛት መንግሥት ገዝቶ በቅርስነት አስከበረው፤ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

ከቅርጽ አንፃር ሲታይ የሹፕና የክሬመር ሥራ እንከን የሚወጣለት አይመስልም። ጌጥ የለበትም፤ እያንዳንዱ ሕንፃ የሚሠራውን ሥራ በቁመናው ይናገራል። በፊት ለፊቱ ባለው የክብር አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ በቀጥታ ወደ 55 ሜትሩ የማውጫ ማማ ይሳባል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። 12ኛው ጉድጓድ ከሰል ብቻ የሚወጣበት ነበር። ቆፋሪዎቹ ወደ ከርሠ ምድር የሚወርዱትና የሚወጡት በሌሎቹ፣ በአሮጌዎቹ ጉድጓዶች በኩል ነው። ዛሬ በየፖስተሩና በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሠራተኛው ምልክት ሆኖ የሚታየው ማማ፣ ሠራተኛው ያልተሳፈረበት ማማ ነው። አደባባዩም ባለቤቶቹ የካፒታላቸውን ኃይል ለእንግዳ የሚያሳዩበት መድረክ ነበር።

እድሳቱ ይህን ተቃርኖ እንዴት አስተናገደው? መልሱ በየሕንፃው ይለያያል። ኖርማን ፎስተር በ1997 ወደ ዲዛይን ማዕከልነት በለወጠው የማሞቂያ ቤት የዛገው ብረት በሥፍራው ቆይቷል። ነገር ግን ወንበሩ፣ መብራቱና የቤት ዕቃው በቦይለሮቹ መካከል ተደርድሮ ሲታይ፣ ግዙፉ ማሽን ለሸቀጥ ማሳመሪያ መጋረጃ ሆኗል። እዚህ ላይ ቅርጹ ድኗል፤ ይዘቱ ግን ቦታውን ለቋል።

የከሰል ማጠቢያው ሕንፃ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። በ2010 የሩር ሙዚየም የተከፈተበትን ይህን ሕንፃ የለወጡት ሬም ኩልሃስና ባልደረቦቹ ናቸው። ጎብኚው በውጭ በተሠራ ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ 24 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ከዚያ ከሰሉ ይወርድ እንደነበረው ሁሉ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወረደ የክልሉን የዛሬ ኑሮ፣ ትዝታውን፣ በመጨረሻም ታሪኩን ይመለከታል። ይህ የማሽኑን ሥርዓት የተረዳ አእምሮ ሥራ ነው፤ የሰው እግር የከሰሉን መንገድ እንዲከተል አድርጓልና። በአንፃሩ፣ እንደ ቀለጠ ብረት በብርቱካናማ ብርሃን የሚንቦገቦጉት ደረጃዎች ያጠራጥራሉ። እሳቱ የነበረው 304 ምድጃዎች ባሉት በኮክ ማምረቻው ነው። በማጠቢያው ቤት ግን ከሰል ከድንጋይ የሚለየው በውኃ ነበር፤ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ይሰጥማል። የዚያ ቤት እውነት ውኃ፣ አቧራና ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ነው። ብርሃኑ ዓይንን ይማርካል፤ የሚተርከው ግን የሌላ ቤት ታሪክ ነው።

ከሁሉም የላቀው ለውጥ ብዙ ጎብኚ የማያየው ነው። በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ8ኛው ጉድጓድ ግቢ ቆፋሪዎች ልብስ የሚለውጡበትና ገላቸውን የሚታጠቡበት ቤት ነበር። ይህ ቤት ከ2002 ጀምሮ ፓክት ጾልፌራይን የተባለ የዳንስና የቴአትር ማዕከል ሆኗል። ነጩ የግድግዳ ሸክላ አልተነቀለም። ጀርባው በከሰል የጠቆረ ሰው ባልንጀራው እንዲያሸው የቆመበት ወለል ላይ ዛሬ ዳንሰኛው ይተነፍሳል፣ ያልበዋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። በዚህ ቤት የሰው አካል ትናንትም ዛሬም ዋነኛው ጉዳይ ነው። ስለዚህም ሥራው ቢለወጥም ቤቱ አልዋሸም። ለመታሰቢያ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ባይኖር እንኳ መድረኩ ራሱ ያስታውሳል።

በጀርመን የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በ2018 ተዘግቷል። በጾልፌራይን ጎብኚዎችን ሲመሩ ከቆዩት መካከል የቀድሞ ቆፋሪዎች ይገኙበታል፤ የማሽኑን ጩኸት በጆሯቸው የሰሙ፣ አቧራውን በሳንባቸው የተሸከሙ ምስክሮች ናቸው። ከእንግዲህ ግን በዚያ አገር አዲስ ከሰል ቆፋሪ አይተካም። እነርሱ ሲያልፉ ምስክርነቱ ለግድግዳው ብቻ ይተዋል። በዚያን ጊዜ የሸቀጥ መደርደሪያ የሆነው ግድግዳ ስለ ሸቀጥ ይናገራል፤ የሰውን ላብ ያልካደው ግድግዳ ስለ ሰው ይናገራል። አሮጌ ፋብሪካ የሚያድስ አርክቴክት፣ በውስጡም መድረክ የሚዘረጋ ከያኒ፣ ማማውን ቀና ብሎ ከማድነቁ በፊት ሠራተኛው በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ሊጠይቅ ይገባዋል።