«ጠቅላይ» ወይስ መጠምጠሚያ? በአንድ የሸራ ጀልባ መመሪያ ረቂቅ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ለአስተያየት የተላከልኝ ረቂቅ ስለ ትንሽ የሸራ ጀልባ አያያዝ የተዘጋጀ መመሪያ ትርጉም ነው። የፊት ሸራን ስለ መለወጥ የሚናገረው ክፍል ብቻ ለዚህ ሒስ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ስለዚህ ምን አስጨነቃት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ረቂቁ የተሳሳተው በባሕር ቃል ሳይሆን በየቀኑ በምንናገረው ግሥ ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ከደቀሉ ጫፍ እስከ ጀልባው ግንባር የተወጠረ ሽቦ አለ፤ ሽቦውንም ቦይ ያለው ዘንግ ያለብሰዋል። የሸራው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ይገባል። ከዘንጉ ግርጌ ከበሮ መሰል ዕቃ አለ። በዚህ ላይ የዞረው ገመድ ሲሳብ ዘንጉ ይሽከረከርና ሸራው በዙሪያው ይሰበሰባል፤ ሸራው ሲዘረጋ ደግሞ ገመዱ ተመልሶ በከበሮው ላይ ይዞራል። ስለዚህ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ይፈታል። ረቂቁ ግን ለሁለቱም «ተጠቀለለ» ይላል፤ መሣሪያውንም «ሸራ ጠቅላይ» ብሎታል። ጠቅላይ ከሚኒስትርና ከመምሪያ ጋር የለመድነው ቅጽል ስለሆነ አንባቢው የሸራዎች ሁሉ አለቃ ሊመስለው ይችላል።

ጥያቄውን ይዤ መርካቶ ወረድሁ፤ ሸራ በሜትር እየቆረጡ ለጭነት መኪና ልባስ ከሚሰፉ ሰዎች ዘንድ። (ሸራ ስንል ዛሬ የሚታየን የመኪናው ልባስ ነው፤ ዐረብኛው ሺራዕ ግን የመርከቡ ነው።) አንድ ሰፊ «ጋሼ፣ ራሱ ላይ ከዞረ ጥቅል ነው፤ ብረት ላይ ከዞረ ግን ተጠመጠመ ነው እንጂ!» አለኝ። ክርና ገመድ ሲሆን ደግሞ ሸማኔው የሚያውቀው «አጠነጠነ» አለ፤ መሣሪያውም ማጠንጠኛ ነው። እንግዲህ ሸራው ይጠመጠማል፤ ገመዱ ይጠነጠናል። መጠምጠሚያ የራስ ጥምጥምን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ሆኖም «የሸራ መጠምጠሚያ» ሲባል ብዥታው ይጠፋል።

«የራስ ሸራ» የሚለውም አያስኬድም። የባዕዱ ቃል በጥሬው ተገልብጧል። ማንሻ ገመዱ የሚታሰርበት የላይኛው ማዕዘን «የሸራው ራስ» መባሉ ስለማይቀር ሁለቱ ይጋጫሉ። ከደቀሉ ፊት የሚወጠር በመሆኑ «የፊት ሸራ» ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው «ሸራውን ጠቅልለው ያውርዱ፤ ሌላውን ይስቀሉ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የተጠመጠመ ሸራ አይወርድም፤ ዙሩ ጠርዙን ከቦዩ ጋር አጥብቆ ይይዘዋልና። አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ሸራው ሳይዘረጋ ስለማይወርድ ባለሙያዎች ለውጡን ነፋስ ሳይበረታ፣ ቢቻል ጀልባው ታስሮ ሳለ ያደርጉታል። ረቂቁን ያመነ ሰው ግን በማዕበል መካከል በጀልባው ግንባር ቆሞ የማይወርድ ሸራ ሲጎትት ይገኛል። አዲሱ ሸራ ሰፊ ከሆነም ብዙ ዙር ይፈልጋል፤ ስለዚህ በማጠንጠኛው ላይ በቂ ገመድ መኖሩ መታየት አለበት። ይህን ረቂቁ «ለጥቅሉ በቂ ጥቅል» ይለዋል፤ እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ።

ተርጓሚው «ደቀል»ን ከመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ አንሥቶ በመጠቀሙ ሊመሰገን ይገባል፤ «ቦይ»ም መልካም ምርጫ ነው። ትእዛዙ ግን ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እንዲህ ይታረም፦ «ሸራውን በሙሉ ዘርግተው ማንሻ ገመዱን ያላሉ፤ ጠርዙን በቦዩ እየሳቡ ያውርዱ። የአዲሱን ሸራ ጠርዝ ከታች ወደ ቦዩ አስገብተው ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ይጠምጥሙት።»