የሸጎዬ ጭፈራና በኮምፒዩተር የሚሞላው ምስል

በቀድሞዎቹ የእጅ ስልኮች የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ15 የማይበልጡ ነጠላ ምስሎችን ብቻ ይይዝ ነበር። ስለዚህም በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በሂርና ሠርግ ላይ በዚያ ዘመን ስልክ የተቀረጸ ሸጎዬ ዛሬ ሲታይ ይንገጫገጫል፤ ተጫዋቹ የሚጨፍር ሳይሆን በቅጽበት ከቦታ ቦታ የሚዘል ይመስላል። ይህን ጉድለት የሚያለሰልሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በአሁኑ ጊዜ እንደ ልብ ይገኛሉ። ሥራቸው ግን ከጥገና ያለፈ በመሆኑ፣ እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ሊሄስ ይገባዋል።

ፕሮግራሙ ሁለት ተከታታይ ምስሎችን ያነጻጽራል፤ በመጀመሪያው ላይ የሚታየው ነጥብ በሁለተኛው ወዴት እንደተዛወረ ይገምታል፤ ከዚያም ነጥቡን በመንገዱ አጋማሽ አስቀምጦ አዲስ ምስል ይፈጥራል። በሰከንድ 15 የነበረው ወደ 60 ከፍ ሲል፣ ተመልካቹ በአንድ ሰከንድ ከሚያያቸው ምስሎች 45ቱን ካሜራ አላነሣቸውም።

ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው ሥራ በእጅ በሚዘወሩ ካሜራዎች የተነሡትን የ1ኛውን የዓለም ጦርነት ፊልሞች በዚህ ዓይነት ስልት በሰከንድ ወደ 24 ምስል አድርሷቸዋል። ቀድሞ እንደ አሻንጉሊት ይጣደፉ የነበሩት ወታደሮች የሰው አረማመድ አግኝተዋል። ውጤቱ ያማረው ግን እርምጃ ዝግ ያለና አቅጣጫው የታወቀ እንቅስቃሴ በመሆኑ ጭምር ነው። የጨርጨርን ተራሮች ቀስ ብሎ የሚቃኝ ካሜራም በዚሁ ስልት ይጠቀማል።

ሸጎዬ እንዲህ አይደለም። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው የሚጨፍሩት በአንገትና በትከሻ ነው፤ የጭፈራው ውበትም ያለው በድንገተኛው ምላሽ ላይ ነው። አንገት ወዲያና ወዲህ ብሎ የሚመለሰው በሁለት ምስሎች መካከል ከሆነ፣ ሁለቱም ምስሎች አንገቱን በአንድ ቦታ ሊያሳዩት ይችላሉ። ፕሮግራሙም አንገቱ አልተነቃነቀም ብሎ ይፈርዳል። በደረት ላይ የተደረደረው ጨሌ ደግሞ ፍሬው ሁሉ ስለሚመሳሰል አንዱን ከሌላው ያምታታበታል፤ ጌጡ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ከሁሉ የሚከፋው ጭብጨባው ነው፦ መዳፎቹ የተጋጠሙበት ቅጽበት ካልተቀረጸ፣ እጆች ሳይነካኩ ሲመለሱ ይታያል፤ ድምፁ ግን በጊዜው ይሰማል።

የአሰበ ተፈሪ መሥራች ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ሰው መሆናቸው እዚህ ላይ ቢታወስ ከነገሩ አያርቅም። በመድረክ ላይ በአንድ እንቅስቃሴና በሌላው መካከል ያለውን ጊዜ የሚሞላው ራሱ ተዋናዩ ነው።

ጭፈራውን ከስልክ መስኮት የሚማር ወጣት ከለሰለሰው ቅጂ የሚቀስመው ትከሻ ሰባሪነቱን ያጣ፣ እንደ ዥዋዥዌ የሚመላለስ ትከሻ ነው። ከሚንገጫገጨው ቅጂ ቢማር ግን ቢያንስ የጎደለው የት እንደሆነ ያያል፤ የጎደለውንም ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ሊሞላው ይችላል። ስለሆነም ማለስለስ የግድ ከሆነ ከእጥፍ ባያልፍ፣ ማለትም 15ቱ 30 ቢሆን፣ ስሕተቱ ይቀንሳል። የተሞላ መሆኑም በቪዲዮው መግቢያ ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያው ቅጂ ግን በምንም ምክንያት አይሰረዝ፤ ነገ የተሻለ ፕሮግራም ቢመጣ እንኳ ሥራውን የሚጀምረው ከእነዚያው 15 ምስሎች ነው።