ሁለት ጣት ሰንስክሪን

አርብ ረፋድ፣ ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ገበያ ልትወጣ መስታወቱ ፊት ተቀምጣለች። ፊቷን ታጥባ፣ ሎሽኗን ተቀብታ፣ ሰንስክሪኑን በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ ሙሉ ርዝመት ጨመቀችው። ፋውንዴሽኑና ኩሉ ተራ ይጠብቃሉ። «አንቺ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ?» ብላት ሳቀች እንጂ አልቸኮለችም።

እኔም ይህችን ቱቦ ወድጃታለሁ። ድሮ «ጥቁር ቆዳን ፀሐይ ምን ያደርገዋል!» እል ነበር። ሜላኒን ይረዳል፤ ማድያትን ግን አያስቀርም። የሪያድ ሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ሙቀቱንስ ኤሲው ያበርደዋል፤ ዩቪኤ የሚባለው ጨረር ግን የመስኮቱን መስታወት አልፎ ይገባል። ኤስፒኤፍ 30 የተጻፈበት ሰንስክሪን በደንብ ከተቀቡት ከሌላው ጨረር፣ ከዩቪቢ፣ 97 በመቶ ያህሉን ይከለክላል፣ ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98። ለዚያች ልዩነት ብዙ ሪያል መጨመር አይታየኝም፤ ጉዱ ያለው አሳንሶ መቀባቱ ላይ ነው።

ነጩ የዚንክ ሰንስክሪን ፊታችንን አመድ ያስመስለዋል። ቀለም ያለው፣ የብረት ኦክሳይድ የገባበት ግን ከጠይም ፊት ጋር ይስማማል፤ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይቀንሳል። እሷም የያዘችው ያንኑ ነው። አንገቷንና ጆሮዋን አዳረሰችና ቱቦውን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው፤ ውጭ ከቆየች ከሁለት ሰዓት በኋላ ትደግመዋለች።