የዕብራይስጥ የሰው ስሞች በብሉይ ኪዳን፤ ፍቺያቸውና ምንጫቸው

በብሉይ ኪዳን ከሚገኙት የዕብራይስጥ የሰው ስሞች ብዙዎቹ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናቸው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ፈጣሪ ሲሆን ግሡ እርሱ ያደረገውን ወይም እንዲያደርግ የሚለመነውን ይናገራል። «ናታን» ሰጠ ማለት ነው። ይህ ግሥ «ኤል» ሲቀድመው ኤልናታን፣ ሲከተለው ናትናኤል፣ «ዮ» ሲቀድመው ደግሞ ዮናታን ይሆናል፤ ሦስቱም አምላክ ሰጠ ይላሉ። «ኤል» በሴማውያን ዘንድ የአምላክ የወል መጠሪያ ነው። «ያሁ»፣ «ያ» እና «ዮ» ግን የእስራኤል አምላክ የተጸውዖ ስም፣ የያህዌ፣ አጫጭር ቅርጾች ናቸው።

በስሞች መጨረሻ የሚመጣውን «ያሁ» የአማርኛ አንባቢ በቀላሉ አያየውም። ስሞቹ ወደ ግእዝ የገቡት በአብዛኛው በግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በኩል ስለሆነ የግሪክ «ስ» በመጨረሻቸው ተጨምሯል። የሻዕያሁ ኢሳይያስ፣ ይርመያሁ ኤርምያስ፣ ኤሊያሁ ኤልያስ ሆነዋል። ይሁንና ሁሉም በግሪክ በኩል ብቻ አልመጡም፤ በግሪክ የሌሉትን የጉሮሮ ድምፆች ግእዝ በይስሐቅ «ሐ» እና በያዕቆብ «ዕ» ጠብቋቸዋል። ኢያሱና ኢየሱስም በመነሻቸው አንድ ስም ናቸው። ግሪኩ ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ሲጠቀም ግእዝ ለየብቻ ጽፏቸዋል።

ስም የሚወጣው ልጁ ሲወለድ ነው፤ በትረካዎቹ ውስጥ ስም አውጪዋ ብዙ ጊዜ እናት ናት። ልያና ራሔል ልጆቻቸውን ሲሰይሙ (ዘፍጥረት 29–30) የስሞቹ ቅደም ተከተል የሁለቱን እኅትማማቾች ፉክክር ይተርካል። የአዳም ሦስተኛ ልጅ «ሴት» የሚለውን ስሙን ያገኘው በአቤል ፋንታ የተሰጠ በመሆኑ ነው (ዘፍጥረት 4፥25)። ካሣና ምትኩ የሚሉትን ስሞች የሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ልማድ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

አከራካሪው ጉዳይ የሚነሣው ትረካው ራሱ ለስሙ ምክንያት ሲሰጥ ነው። ሐና ልጇን ሳሙኤል ያለችው ከእግዚአብሔር ለምና ስላገኘችው ነው (1ኛ ሳሙኤል 1፥20)። መለመን በዕብራይስጥ «ሻአል»፣ በግእዝም «ሰአለ» ነው፤ ከዚህ ግሥ በቀጥታ የሚወጣው ስም ግን ሻኡል፣ ማለትም ሳኦል ነው። ሳሙኤል «ሼም»፣ ስም፣ ከሚለው ቃልና ከ«ኤል» የተገኘ ይመስላል። አንዳንድ አጥኚዎች ከዚህ ተነሥተው የልደት ታሪኩ መጀመሪያ የሳኦል ነበር ብለዋል። ከዚህ ይልቅ አሳማኝ የሚሆነው ተራኪው ሆን ብሎ ያደረገው ነው የሚለው አስተያየት ነው። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 28 ሐና ስለ ልጇ ስትናገር በዕብራይስጡ «ሁ ሻኡል» ትላለች፤ ንጉሡን ሳኦልን ቀብቶ ኋላም መናቁን የሚነግረው ነቢይ ገና ሲወለድ የንጉሡ ስም ይሰማል።

ሙሴም እንዲሁ ነው። የፈርዖን ልጅ ከውኃ አውጥቼዋለሁ ብላ ሰየመችው (ዘጸአት 2፥10)። የቋንቋ አጥኚዎች ግን ስሙን በቱትሞስና በራምሴስ ስሞች ውስጥ ካለው፣ መወለድን ከሚያመለክተው የግብፅ ቃል ጋር ያያይዙታል። ተራኪው ግብፃዊቷን ልዕልት ዕብራይስጥ ያናገራት በከንቱ አይደለም፤ «ሞሼ»፣ ማለትም ሙሴ፣ በዕብራይስጥ ሰዋስው የወጣውን ሳይሆን የሚያወጣውን ያመለክታል።

ያዕቆብ በዘፍጥረት 25፥26 ከተረከዝ፣ በ27፥36 ከማታለል ጋር ተያይዟል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት በነበሩ የአሞራውያን ስሞች ውስጥ ግን ይኸው ሥር ከአምላክ ስም ጋር ተጣምሮ ይገኛል፤ ፍቺውም መጠበቅ ሳይሆን አይቀርም። ግእዝ «ዐቀበ» ሲል ጠበቀ ማለቱ፣ ዐቃቤ ሕግ የሚለው ስያሜም ከዚሁ መውጣቱ ሐሳቡን ያጠናክራል። የትረካው ማብራሪያ የስሙን ባለቤት ሕይወት ይተረጉማል፤ የሥርወ ቃል ጥናት ደግሞ ስሙን ከታሪኩ በፊት ወደ ነበረው አገልግሎት ይመልሰዋል። አንዱን በሌላው መሻር ሁለቱንም አለመረዳት ነው።

ስሞች የሃይማኖትን ታሪክ ምን ያህል እንደያዙ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የሳኦል ቤት ነው። ንጉሡ አንዱን ልጁን ዮናታን፣ ያህዌ ሰጠ፣ ሲል ሌላው በ1ኛ ዜና መዋዕል 8፥33 አስበኣል ተብሏል። በሳሙኤል መጽሐፍ ይኸው ልጅ ኢያቡስቴ ሆኗል፤ የዮናታን ልጅ መሪበኣልም ሜምፊቦስቴ ተብሏል። አብዛኞቹ አጥኚዎች እንደሚሉት ኋላ የመጡ ጸሐፍት «በኣል» የሚለውን «ቦሼት»፣ ኀፍረት፣ በሚለው ቃል ተክተውታል፤ ዘግይቶ የተጻፈው ዜና መዋዕል ጥንታዊውን ቅርጽ ጠብቋል። ልጁን አስበኣል ማለቱ ሳኦልን ጣዖት አምላኪ አያሰኘውም። «በኣል» ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው፤ የአማርኛው ባልም ከዚሁ ሥር ነው። ከዳዊት ተዋጊዎች አንዱ በዕብራይስጡ በኣልያ፣ ያህዌ ጌታ ነው፣ መባሉ (1ኛ ዜና መዋዕል 12፥5) ቃሉ ለእስራኤል አምላክም ይነገር እንደነበር ያሳያል። ሆሴዕ 2፥16 ይህን አጠራር የሚከለክለው በሕዝቡ አፍ ስለነበረ ነው።

ቁፋሮም ይህን ይደግፋል። በ1910 እ.ኤ.አ. በሰማርያ በተገኙት የ8ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ «በኣል» ያለባቸውና የያህዌ ስም ያለባቸው ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. በኺርቤት ቀይያፋ የተገኘ፣ ወደ 1000 ቅድመ ክርስቶስ የሚጠጋ እንስራም «ኤሽበኣል»፣ ማለትም አስበኣል፣ የሚል ስም ይዟል። የሳኦል ልጅ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙ በዘመኑ ይሰጥ እንደነበር ግን ይመሰክራል። በ1935 እ.ኤ.አ. በተገኙት፣ ኢየሩሳሌም ልትወድቅ በቀረበችበት ጊዜ በተጻፉት የለኪሶ ደብዳቤዎች ውስጥ ግን የሚበዙት በ«ያሁ» የሚጨርሱ ስሞች ናቸው።

በዚያው ዘመን ስም መለወጥ የገዢነት ምልክት ነበር። ፈርዖን ኒካዑ ኤልያቄምን ኢዮአቄም፣ ናቡከደነፆር ማታንያን ሴዴቅያስ አሏቸው (2ኛ ነገሥት 23፥34፤ 24፥17)። ከምርኮ በኋላ ዘሩባቤል የባቢሎንን፣ መርዶክዮስ የባቢሎኑን አምላክ የማርዱክን ስም ይዘው ይታያሉ። «በኣል»ን የፋቁት ጸሐፍት ማርዱክን ሳይነኩ ትተውታል፤ ከያህዌ ጋር የመምታታት አደጋ የነበረው የባዕዱ አምላክ ስም ሳይሆን ጌታ ተብሎ በገዛ ቤታቸው ይጠራ የነበረው ነው።